ሱቅ ከታች፣ ባልዲ ከላይ

ማክሰኞ፣ ኤድንብራ

ለአንድ የታክሲ ጓደኛዬ «ስኮትላንድ ሄጄ ፎቅ ቤት ልጎበኝ ነው» ስለው ሳቀብኝ። «ለንደን ፎቅ ጠፍቶ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እኔ ለንደን መጥቼ መሪ ከመጨበጤ በፊት አዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ፎርማን ነበርኩ። ስንቱን ጂ ፕላስ ፎር አቁመናል። ምድሩ ለሱቅ፣ ላዩ ለመኖሪያ። ግላስጎው የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እንደዚያው ያለ ቤት በባንክ ብድር ገዝታለች፤ ልዩነቱ የእሷው ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የቆየ መሆኑ ነው። ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። «ጣሪያችን ያፈሳል። አንተ ባለሙያ አይደለህ? ና እየው» አለች። በዚሁ ሰበብ መኪናዬን ለአምስት ቀን አቆምኩ።

ቀጥታ ግላስጎው መውረድ እችል ነበር። ኤድንብራን ሳላይ ማለፍ ግን ደስ አላለኝም። ነገሩ የጀመረው እዚያ ነውና።

ስኮትላንዶች ቴነመንት ይሉታል። አንድ መግቢያ፣ አንድ የጋራ ደረጃ፣ በየወለሉ ሁለት ሦስት ቤት። መንገድ ዳር ከሆነ ምድሩ ሱቅ ነው። እንግሊዝ አገር ያለው ሰው ከላይ እስከ ታች የራሱን ቀጭን ቤት ይዞ ተደርድሮ ሲኖር፣ እነዚህ ቀድመው ወደ ላይ መደራረብ ለምደዋል። የድሮዋ ኤድንብራ በአንድ የድንጋይ ሸንተረር ላይ ተቀምጣ መሬቱ ስላነሳት ወደ ሰማይ ወጣች። ላውንማርኬት የሚባለው ቦታ ላይ ግላድስቶንስ ላንድ የሚሉት ባለ ስድስት ፎቅ አለ። ቶማስ ግሌድስቴንስ የሚባል ነጋዴ በ1617 ገዝቶ ያሰፋው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከፊቱ ሁለት የድንጋይ ቅስቶች አሉት፣ ሱቁ ከቅስቶቹ ስር ነበር። ቆሜ ሳየው ፒያሳን አስታወሰኝ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ቅስት ስር ገብቶ፣ ባለሱቁ «ካልገዛችሁ መንገድ ልቀቁ» የሚልበትን ፒያሳ።

ትንሽ ወረድ ሲሉ ፔዝሊ ክሎዝ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ። እዚህ የነበረ አሮጌ ፎቅ በኅዳር 1861 ሌሊት ላይ ተደርምሶ 35 ሰው ገደለ። ፍርስራሹን የሚቆፍሩት ሰዎች ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ከስር አንድ የልጅ ድምፅ ሰሙ፤ «በርቱ ጓዶች፣ ገና አልሞትኩም» የሚል። ልጁ ተረፈ። በኋላ በቦታው በተሠራው ሕንጻ በር ላይ ፊቱንና ንግግሩን በድንጋይ ቀረጹለት። ከታች ቱሪስት ፎቶ ይነሳል፣ እሱ ከላይ ያያል። ከአደጋው በኋላ በዓመቱ ከተማዋ ሄንሪ ሊትልጆን የተባሉትን ሐኪም የመጀመሪያ የጤና ኃላፊ አድርጋ ሾመች። ኃላፊው በ1865 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ብዙ ጎስቋላ ሰፈር እንዲፈርስና አዳዲስ መንገድ እንዲቀደድ ምክንያት ሆነ።

የመጣሁበትን ነገር በደንብ ያገኘሁት ግን ኮበርን ስትሪት ላይ ነው። መንገዱ ከዌቨርሊ ባቡር ጣቢያ ወደ ላይኛው ከተማ እንደ እባብ ተጣጥፎ ይወጣል። የተሠራው በ1850ዎቹ መጨረሻና በ1860ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከባቡር የወረደ ሰው በጠባብ ቀዳዳ እየተሹለከለከ አቀበት እንዳይወጣ። ግራና ቀኙ ድንጋይ ፎቅ ነው። ከላይ ሹል ማማ፣ የደረጃ ቅርፅ ያለው ጣሪያ ጫፍ፣ ልክ ምሽግ ይመስላል። ከታች ደግሞ ሰፋፊ መስታወት ያላቸው ሱቆች። ከወገብ በላይ የመሳፍንት ግንብ፣ ከወገብ በታች መርካቶ። አጼ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ያንን መልስ ያጣ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ እዚህ የእሷ ሰዎች ይህንን መንገድ እየገነቡ ነበር። እንዲህ ብዬ ሳስበው ድንጋዩ ትንሽ ቀረበኝ፣ ትንሽም ራቀኝ።

ረቡዕ፣ ኤድንብራና ባቡር

ጠዋት ማርችሞንት የሚባል ሰፈር ሄድኩ። በቪክቶሪያ ዘመን መጨረሻ ላይ ለመካከለኛ ኑሮ ሰው የተሠራ ነው። ረጋ ያለ፣ ኩሩ ሰፈር። ማዕዘን ላይ የሚቆም ፎቅ ጥግ እንዴት እንደሚበላ እዚህ ይታያል። ጥጉን ሹል አድርገው አይተዉትም። ይቆርጡትና የሱቁን በር እዚያው ቁራጭ ላይ ያደርጉታል። ባለሱቁ ሁለቱንም መንገድ ያያል፣ ሁለቱም መንገድ እሱን ያያል። አዲስ አበባ የጥግ ሱቅ ያለው ሰው ይህንን ለማወቅ አርክቴክት አላስፈለገውም።

ዋረንደር ፓርክ ሮድ ላይ አንድ ሱቅ በር አጠገብ የሴራሚክ ሥዕል ቀርቷል። ትንሽ ልጅ ቁጢጥ ብላ ቢጫ አበባ ወደ ላም አገጭ ታስጠጋለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረ የወተት ሱቆች ምልክት ነው፣ ባተርካፕ ዴይሪ የሚባሉ። ድርጅቱ ከጠፋ ቆይቷል። ላሟ አለች።

ከሰዓት በኋላ ፕሪንስስ ስትሪት ጫፍ ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተክርስቲያን ጎራ አልኩ። ስለ ፎቅ አይደለም። ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት በ2001 እዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ በሚቀጥለው ዓመት ለአገሩ መመለሱን ስለማውቅ ነው። ተሳለምኩና ወጣሁ።

ግላስጎው በባቡር ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነው። ስደርስ ዝናብ። የአክስቴ ልጅ ሥራ ላይ ስለነበረች አድራሻውን በስልክ ላከችልኝ። ጎቫንሂል ሰፈር፣ የመንገዱ ስም፣ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ 3/1 ይላል። ቁጥሩን አገኘሁት ስል የፍራፍሬ ሱቅ ሆነ። ወዲያ ስሄድ ስልክ ጠጋኝ። መሀላቸው አንድ ጠባብ በር ነበር፣ የዕቃ ማስቀመጫ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አለፍኩት። ለካ መግቢያው እሱ ነው። ሱቆቹ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ከላይ ያሉት ስድስት ቤቶች ደግሞ በጋራ አንድ ቁጥር ብቻ፣ የጠባቧን በር። 3/1 ማለት ሦስተኛ ፎቅ፣ አንደኛ ቤት ነው። እኔ ግን «ሦስት አንደኛ» የሚለውን አንደኛ ፎቅ ሦስተኛ ቤት ብዬ፣ የማላውቀውን ሰው ደወል ስጫን ቆየሁ። አንድ ሽማግሌ በመስኮት ብቅ ብለው የተናገሩት አልገባኝም። ጥሩ ነገር እንዳልነበር ግን ገባኝ።

መተላለፊያውን ክሎዝ ይሉታል። የእሷ ክሎዝ ግድግዳ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ሴራሚክ ነው፣ ላዩ ላይ ቀጭን የቡኒ መስመር። እንዲህ ዓይነቱን ዎሊ ክሎዝ ነው የሚሉት፣ ዎሊ በነሱ አነጋገር ሸክላ ዕቃ እንደማለት ነው። ድሮ ሴራሚክ ያለው ክሎዝ ውስጥ መኖር ማዕረግ ነበር፣ ቀለም ብቻ የተቀባ ክሎዝ ያለው ሰው ቀና ብሎ ያየዋል። የደረጃው ድንጋይ መሀል መሀሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል፣ እንደ ሳህን። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ አንድ ሰማያዊ ባልዲ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጠብ። ጠብ።

«ይኸውልህ ወንድሜ» አለች ማታ ስትመጣ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። «በዝናብ ቀን ሦስቴ እደፋዋለሁ።»

ሐሙስ፣ ጋርኔትሂል

እሷ ቀን ሥራ ነበረች። እኔ የሰው ቤት ልጎበኝ ሄድኩ፤ ባለቤቷ የሌለችበት ቤት።

ባክሉ ስትሪት 145 ቁጥር በ1892 የተሠራ ፎቅ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤት አግነስ ቶዋርድ የምትባል ታይፒስት ከእናቷ ጋር በ1911 ገባች። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አግነስ እስከ 1965 እዚያው ኖረች። አላገባችም፣ ዕቃም አልጣለችም። ደረሰኝ፣ ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ሁሉም አለ። ከሞተች በኋላ አንዲት ተዋናይ ቤቱን ገዝታ እንዳለ አቆየችው፣ በ1982 ደግሞ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቅርስ ድርጅት ወሰደው። አሁን ትኬት ቆርጠህ ትገባለህ።

ልንገራችሁ፣ ብዙ ሙዚየም አይቻለሁ፣ እንዲህ ያፈርኩበት ግን የለም። ሰው ሳይኖር ገብቼ ጓዳ የምፈትሽ መሰለኝ። የጋዝ መብራቱ አሁንም ይሠራል፣ እስስስ እያለ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ጥቁር የብረት ምድጃ፣ ከጎኑ የከሰል ሳጥን። አስቡት፣ ከሰል ተሸካሚው ያንን ጆንያ በደረጃ አውጥቶ ቤት ውስጥ ነው የሚገለብጠው። መደርደሪያ ላይ 1929 ተብሎ የተጻፈበት የፕሪም ማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል። ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል።

ዓይኔን የያዘው ግን አልጋው ነው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የገባ ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ ልክ በአልጋ ልክ የተቆረጠ። መጋረጃ ይዘጋበታል። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ቁም ሳጥን መስሎኝ ያለፍኩት በር ሲከፈት አልጋ ነው። ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ማታ ይተኛበታል። እነ አግነስ አራት ክፍል ስለነበራቸው ደባል ያስገቡ ነበር። የድሃ ቤት ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ነበር፣ «ሲንግል ኤንድ» ይሉታል። ቤተሰቡ በሙሉ እዚያችው ያበስላል፣ ይታጠባል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል። ሽንት ቤቱ በደረጃው መሀል የጋራ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ጓሮ። ከተማው በ1860ዎቹ ጠባብ ቤቶች በር ላይ የብረት ሰሌዳ መቸንከር ጀመረ፣ ስንት ሰው እንዲያድር እንደሚፈቀድ የተጻፈበት። ተቆጣጣሪዎቹ ሌሊት እየመጡ ይቆጥሩ ነበር። ሰውም ጣሪያ ላይና ቁም ሳጥን ውስጥ ይደበቅ ነበር።

የአግነስ ቤት ስር ሱቅ የለም። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ሱቅ ያለበትን ለማየት ቁልቁል ወርጄ ቻሪንግ ክሮስ ደረስኩ። እዚያ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቻሪንግ ክሮስ ማንሽንስ የጆን በርኔት ሥራ ነው፣ ከ1889 እስከ 1891 የተገነባ። ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። መንገዱ ሲዞር ሕንጻውም አብሮ ይዞራል፣ እንደ ክንድ ታጥፎ። መሀሉ ላይ ትልቅ ሰዓት፣ በዙሪያው የተቀረጹ ሰዎች፣ ጣሪያው ላይ ጉልላት፣ የፈረንሳይ ቤተመንግሥት ይመስላል። ግን ቴነመንት ነው። ከስሩ ሱቅ ነው። ሰው ተከራይቶ የሚኖርበት፣ ምድሩ ላይ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት እንዲህ መለበሱ አስቀናኝ። እኛ ኮንዶሚኒየም ስንሠራ አንድ መስመር ጌጥ ብንጨምር «ወጪ!» ብለው ይጮሁብን ነበር። ከፊቱ ግን በጉድጓድ ውስጥ አውራ ጎዳና ያልፋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩን ሰንጥቀው አሳለፉት። ቤተመንግሥቱ ቀኑን ሙሉ የመኪና ጭስ ይጠጣል።

ድንጋዩን ልብ ብላችሁ ካያችሁ የቤቱን ዕድሜ ትገምታላችሁ። የቀደሙት ቤቶች ነጣ ያለ፣ ቢጫ የሚመስል ድንጋይ ናቸው፣ ከከተማው አጠገብ ከነጊፍኖክ የተፈለጠ። የአካባቢው ካባ እየተሟጠጠ ሲሄድና ባቡር ሲስፋፋ ከደቡብ፣ ከዳምፍሪስ በኩል፣ ቀዩ መጣ። ስለዚህ ቀይ ያየህበት መንገድ በአብዛኛው የ1890ዎቹና ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ጥቁር ነበሩ፣ በከሰል ጥላሸት። የታጠቡት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው። ከተማዋ ቀለም እንዳላት ያኔ ነው ብዙ ሰው ያወቀው።

ዓርብ፣ ጎቫንሂል

ዛሬ ሥራዬን ጀመርኩ።

ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ፊት ለፊቱ ተጠርቦ ልኩ የተያዘ ድንጋይ፣ መገጣጠሚያው ምላጭ አያስገባም። በጓሮ ዞሬ ሳየው ግን ያልተጠረበ ድንጋይ ተደርድሮ በጭቃ መሳይ ነገር የተሞላ። እኛ አገር ውስጡን ለቄስ ይባል የለ? እነዚህ ጀርባውን ለጎረቤት ነው የተዉት። ግድግዳው ስድሳ ሳንቲም ያህል ውፍረት አለው። ጣሪያው ከሰሜን ተራሮች፣ ከባላሁሊሽ የመጣ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም፣ ካባው በ1955 ተዘግቷል፣ ስለዚህ ምትኩ የሚገኘው ከፈረሰ ቤት ላይ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የሸክላ ቱቦዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቱቦ አንድ ምድጃ ነው። ልጆች ሆነን የቤት ቆርቆሮ እንደምንቆጥረው ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ስድስት።

ችግሩ ከሩቅ ታየኝ። የፊት ለፊቱ አሸንዳ ግድግዳው ጫፍ ላይ፣ ከድንጋዩ ጌጥ በስተጀርባ ነው የተኛው። ከውስጡ ቁጥቋጦ በቅሏል። አበባ ሁሉ አለው! ሥር ከገባ ውኃ መውጫ አጣ ማለት ነው፣ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከዚያ በታች አንድ ሰው በሲሚንቶ የለሰነው ቦታ አለ። ይሄ ደግሞ ሌላ በደል ነው። የአሸዋ ድንጋይ ይተነፍሳል፤ በኖራ የተገነባ ነው፣ በኖራ ነው የሚጠገነው። ሲሚንቶ ስትለጥፍበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ድንጋዩ ከኋላ እየፈረፈረ ይሄዳል። ጎንደር ሄዶ የነገሥታቱን ግንብ ያየ ሰው ኖራ ስንት ዘመን እንደሚያቆም ያውቃል። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ ሲሚንቶውን የለጠፈው ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም። ስሙን አልጠራም።

ማታ ሻይ እየጠጣን ሒሳቡን አስረዳችኝ። ሻዩ ሊፕተን ነው፣ ይህችን ጉዳይ ሳልናገር አላልፍም። ያ ቢጫ ፓኬት ላይ ያለው ስም የዚሁ ሰፈር ጎረቤት ነው። የቶማስ ሊፕተን ወላጆች ጎርባልስ፣ ክራውን ስትሪት ላይ ቅቤና እንቁላል የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። እሱ የመጀመሪያ ሱቁን በ1871 አንደርስተን ውስጥ ከፈተ። ጎርባልስ ከዚህ በእግር ይኬዳል። ያኔ የነበረው ፎቅ ግን የለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ድንጋዩን አፍርሰው ሰማይ ጠቀስ ኮንክሪት ተከሉበት፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ሻጋታ ገባ፣ እሱንም በ1993 በፈንጂ አፈረሱት። ከዚያ ክራውን ስትሪት ላይ ምን ሠሩ መሰላችሁ? አራት ፎቅ፣ የጋራ ደረጃ፣ ከስሩ ሱቅ። ዞሮ ዞሮ ከቤት።

ወደ ሒሳቡ። በስኮትላንድ የ2004 የቴነመንት ሕግ አለ። የባለቤትነት ሰነዱ ሌላ ነገር ካላለ በስተቀር ጣሪያውን የመጠገን ኃላፊነት የሁሉም ነው። የላይኛው ፎቅ ብቻ አይደለም፣ የሱቁም ነው። ጥገና በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል።

«ስምንት ባለቤት ነን» አለች። «ስድስት ቤት፣ ሁለት ሱቅ። አምስት ድምፅ እፈልጋለሁ። አራት አለኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«አንዱ አከራይቶ ውጭ አገር ነው፣ መልስ አይሰጥም። ያቺ ታችኛዋ ገንዘብ የለኝም አለች፣ እውነቷን ነው። የስልክ ጠጋኙ ሱቅ ባለቤት ማን እንደሆነ ራሱ አይታወቅም። የቀሩት ጋሼ ናቸው።»

ጋሼ የምትላቸው የፍራፍሬ ሱቁ ባለቤት ናቸው፣ ከፓኪስታን የመጡ፣ ሰላሳ ዓመት እዚያው ሱቅ ውስጥ የቆዩ ሰው። ባያውቁትም ጋሼ ብላቸዋለች።

«እና ምን አሉ?»

«ልጄ፣ ጣሪያው ከእኔ ሦስት ፎቅ ይርቃል አሉኝ።» ሳቀች። «ደግሞ እውነት አላቸው። ትልቁ ይዞታ ከትንሹ በአንድ ተኩል እጥፍ ከበለጠ ክፍያው በስፋት ነው የሚሰላው። የሳቸው ሱቅ ወደ ኋላ ተቀጥሎ ከሁላችንም ይበልጣል። ብዙ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።»

የማይረጥብ ሰው ለጃንጥላ ይክፈል እንደማለት ነው። እኔ ብሆንስ? እኔም ሳላንገራግር አልቀርም።

ቅዳሜ፣ ጎቫን፣ ከዚያ ሱቁ

ጠዋት የአክስቴ ልጅ «አንዲት ሴትዮ ላሳይህ» ብላ በምድር ባቡር ጎቫን ወሰደችኝ። ባቡሩ የ1896 ነው፣ ከለንደንና ከቡዳፔስት ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛ። ክብ ሠርቶ ይዞራል፣ ፉርጎው ትንሽ ነው፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ይላል።

ሴትዮዋ የነሐስ ሐውልት ናት። ሜሪ ባርቦር። እጇን ዘርግታ ትራመዳለች፣ ከኋላዋ ሕዝብ ይከተላል። በ1915 ወንዶቹ ጦርነት ላይ ሳሉ፣ የመርከብና የጥይት ፋብሪካ ሠራተኛ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ፣ አከራዮች ኪራይ ጨመሩ። ሴቶቹ አንከፍልም አሉ። መሣሪያቸው ክሎዙ ነበር። አስቡት፣ አንድ ፎቅ አንድ በር ነው ያለው። የፍርድ ቤት ሰው ሊያስለቅቅ ሲመጣ አንዷ መግቢያው ላይ ሆና ደወል ትደውላለች፣ ከየደረጃው ሴቱ ይወርዳል፣ ዱቄት ይወረውራል፣ ሰውየው ነጭ ሆኖ ይመለሳል። በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ ገባበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት ኪራይ የሚገድብ ሕግ አወጣ። ሐውልቱ የቆመው በ2018 ነው።

«ስምንት ሰው ማስማማት ያቃተኝን ሴት ምን ነካሽ ትለኛለች» አለች የአክስቴ ልጅ፣ ቀና ብላ እያየቻት።

ስንመለስ ለሽንኩርት ሱቁ ገባን። እኔ ሽንኩርት አላየሁም። ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነበር። ሰፊ ነው፣ ከአራት ሜትር ይበልጣል። ከላዩ ሦስት ፎቅ ድንጋይ አለ። ይሄ ድንጋይ ምን ላይ ነው የቆመው? እንዲህ ያለ ሱቅ ለመክፈት ግድግዳውን መንሳት ግድ ነው፤ ግድግዳ ከነሳህ ብረት ማቆም ግድ ነው። በር አጠገብ በቦርድ የተሸፈነ ካሬ ነገር ነበር። አንኳኳሁት። ባዶ ድምፅ፣ ከውስጡ ክብ ብረት። ዓምዱ እሱ ነው።

«ጌታዬ፣ ኮርኒሱን አንድ ጊዜ ላነሳ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው።

የአክስቴ ልጅ በክርኗ ጎሰመችኝ። ሰውየው ግን መሰላል አመጡ። ከወንበር የማይነሱ ይመስሉ ነበር።

የነጩን ኮርኒስ አንድ ሰሌዳ ገፋሁ። ከላይ ሌላ ዓለም አለ። የድሮው ኮርኒስ በአንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ዳር ዳሩ የወይን ቅጠል ጌጥ፣ ግማሹ የረገፈ። በስልኬ መብራት ቢሙን ተከተልኩት። ከመስታወቱ በላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድሟል፣ ድንጋዩን ሁሉ ተሸክሞ። መሀሉ ደህና ነው። ወደ ቀኝ ጫፍ ስደርስ፣ ልክ ከቁጥቋጦው በታች ባለው በኩል፣ ግድግዳው ረጥቧል። ብረቱ አብጧል። በጣቴ ነካ ሳደርገው መዳፍ የሚያህል ዝገት ተላጦ ወደቀ፣ ቲማቲሙ ላይ። ከጎኑ ያለው ድንጋይ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጥታለች። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋይ ይፈነቅላል። ውኃው ከጣሪያው ጀምሮ በግድግዳው ሆድ ውስጥ ሦስት ፎቅ ወርዶ እዚህ ነው ያረፈው።

ሰውየው ዝገቱን ከቲማቲሙ መሀል አንስተው ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይሄ ከላይ የመጣ ነው?»

«ከአሸንዳው ነው።»

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«እሱን እዚህ አገር ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አይቶ ነው የሚናገረው። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ግን እኔ ብሆን ክረምቱን አላሳልፈውም።»

ዝም አሉ። መስታወታቸውን አዩ፣ ከዚያ ወደ ላይ። አንዲት ሴት ሙዝ ይዛ ገብታ ከፍላ ወጣች። ዝገቱን ባንኮኒው ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጡት።

«ወረቀቱ አለሽ?» አሉ የአክስቴን ልጅ።

ደብዳቤው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ ሁለት ወር ይዛው የዞረችው። በጆሯቸው ላይ የሰኩትን እስክሪብቶ አውጥተው ፈረሙ፣ ከስሩ የሱቃቸውን ቁጥር ጻፉ። አምስት።

ልንወጣ ስንል ጠሩን። ከኋላ መደርደሪያ ላይ አንድ ቀይ ባልዲ አወረዱ፣ ከሰማያዊው በእጥፍ የሚበልጥ።

«ጠጋኞቹ እስኪመጡ ይሄ ይሻልሻል፣ ልጄ» አሉ። «ሁለት ፓውንድ ከሃምሳ።»